በቅጹ የተጻፈው፣ በጆሮ የተሰማው

በ2003 በአሜሪካ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ጥናት ለታዳሚ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ከታዳሚዎቹ መካከል የሃቫሱፓይ ጎሣ ተወላጅ የሆነች ሴት ነበረች። ጥናቱ የተሠራው ከገዛ ወገኖቿ በተወሰደ ደም ላይ ነበር። ገለጻው ሲያበቃ ተነሥታ ጠየቀች፤ ደማችንን ለዚህ ጥናት እንድታውሉት ፈቃድ ተሰጥቷችኋል ወይ?

ሃቫሱፓዮች በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የስኳር በሽታ ስለበረታባቸው ከ200 የሚበልጡ የጎሣው አባላት መላ ይገኝ እንደሆነ ብለው ለዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። ያው ደም በኋላ ለስኪዞፍሬኒያ፣ ለዝምድና ጋብቻና ለጥንታዊ የሕዝብ ፍልሰት ጥናት ዋለ። የፍልሰቱ ጥናት የጎሣው ቅድመ አያቶች ከእስያ የመጡ ናቸው ይላል፤ ጎሣው ግን መነሻው ያ ሸለቆ እንደሆነ ያምናል። የተፈረመው ቅጽ የባሕርይና የጤና መታወክ መንስኤዎችን ማጥናት የሚል ሰፊ አነጋገር ነበረበት። ፈራሚዎቹ ደግሞ በቃል የተነገራቸው ስለ ስኳር ብቻ እንደነበር ተናገሩ። ክርክሩ በ2010 በስምምነት ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው ለ41 የጎሣው አባላት 700,000 ዶላር ከፍሎ የተረፈውን ደም መለሰ።

ይህ የሆነው ሕግ በሌለበት ዘመን አይደለም፤ ሕጉን የወለደው ከዚያ ቀደም የተፈጸመ በደል ነው። በአላባማ ክፍለ ግዛት ተስኪጊ የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 ሕክምና ነፍጎ የበሽታውን አካሄድ ሲከታተል ኖሯል። ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልሰጣቸውም። ጉዳዩ በ1972 በጋዜጣ ሲወጣ አገሩ ተናወጠ፤ በ1974 ብሔራዊ የምርምር ሕግ ወጣ፣ በ1979 ደግሞ የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ የሚሉትን ሦስት መርሆዎች አስቀመጠ። ዛሬ በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚታወቀው ገምጋሚ ቦርድ፣ በአጭሩ አይአርቢ የሚባለው፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የአሜሪካው ደንብ ቦርዱ ቢያንስ 5 አባላት እንዲኖሩት ያዛል፤ አንዱ ሳይንቲስት ያልሆነ፣ አንዱም ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት።

ቦርድ መኖሩ ግን ብቻውን ዋስትና አልሆነም። በ2001 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የ24 ዓመት ጤነኛ ወጣት በአስም ጥናት ተሳትፋ ሄክሳሜቶኒየም የተባለ ኬሚካል ከሳበች በኋላ ሞተች። ኬሚካሉ ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠቁሙ የ1950ዎቹ ጽሑፎች ነበሩ፤ ጥናቱ ሲጸድቅ ግን ማንም አላያቸውም።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ አለ፤ አምስተኛ እትሙ የወጣው በ2014 ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው ገምጋሚ ቦርድ አላቸው። ተመራማሪው ፕሮፖዛሉን፣ መጠይቁን፣ ወደ አካባቢው ቋንቋ የተተረጎመውን የመረጃና የስምምነት ቅጽ ያስገባል። ኤቲካል ክሊራንስ፣ ማለትም የቦርዱን የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ሲያገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ስለ መዘግየቱ ሲያማርሩ መስማት የተለመደ ነው። ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በመጨረሻው ደጅ ላይ የሚሆነው ነው። መረጃ ሰብሳቢው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ፣ ከቀበሌ ሰው ጋር ሆኖ ሲመጣ፣ የቤቱ ባለቤት "አልፈልግም" ለማለት ምን ያህል ነፃነት ይሰማዋል? ቅጹ ላይ መሳተፍ በፈቃደኝነት ነው ተብሎ ተጽፏል። ለእንግዳ ወንበር የሚያቀርብ፣ ከመንግሥት መጣ የተባለን ሰው ፊት መንሳት የሚከብደው ገበሬ ግን የሚሰማው ሌላ ነው።

ይህን ክፍተት ከሥሩ የመረመረ ሥራ በወላይታ ተሠርቷል። ፖዶኮኒዮሲስ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄዱ ሰዎችን እግር የሚያሳብጥ፣ ብዙ ሰው ከዝሆኔ ጋር አንድ የሚያደርገው በሽታ ነው። ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በ1970ዎቹ ያሳየው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በአካባቢው ግን በሽታው በዘር የሚወርድና መድኃኒት የሌለው ተደርጎ ስለሚታይ መገለል ያስከትላል። አፈሩን የሚረግጡት ሁሉ ስለማይታመሙ ተመራማሪዎች የዘረመል ድርሻውን ማጥናት ፈለጉ። እዚህ ላይ ችግሩ ግልጽ ነው፤ ጥናቱ ራሱ ሰዎቹን የሚያስገልለውን ወሬ ሊያጸድቅባቸው ይችላል።

ስለዚህ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሰው ጠየቁ። በጋምቢያ የተፈተነ የፈጣን ዳሰሳ ዘዴ ወስደው 4 የቡድን ውይይትና 25 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ አደረጉ፤ ውጤቱም በ2009 ታተመ። ታማሚዎቹ ጥናቱ የበሽታውን የቤተሰብ ገጽታ አደባባይ አውጥቶ መገለሉን እንዳያባብሰው ፈሩ። ታማሚዎቹን የሚያክመው የሞሲ ፉት ማኅበርም ስለ ዘር ማውራት ለዓመታት የገነባውን አመኔታ እንዳያፈርስበት ሰጋ። ተጠያቂዎቹ ግለሰቡ ከመጠየቁ በፊት ቤተሰቡ ይምከርበት አሉ። ቡድኑ ይህን ሰምቶ አካሄዱን ለወጠ። የመስክ ሠራተኞች፣ የጤና ባለሙያዎችና ነዋሪዎች ስለ ጥናቱ ተማሩ፣ ማኅበረሰቡ መከረበት፣ ማኅበሩም መሐል ገብቶ አገናኘ። በ2012 ከ194 ታማሚዎችና ከ203 ጤነኞች የተገኘው የዘረመል ውጤት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ሲወጣ የተጋላጭነቱ ፍንጭ ሰውነት በሽታን ከሚከላከልበት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ዓይነቱ ዳሰሳ በየቦርዱ መደበኛ ጥያቄ ቢሆን ብዙ ያተርፋል። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የአንድ ትልቅ ጥናት የመስክ አበል ለብቻው ከዚያ ይበልጣል። መገለል ያለበት በሽታ፣ ከአገር የሚወጣ ናሙና ወይም ለወደፊት ጥናት የሚቀመጥ ደም ሲኖር ደግሞ ግድ መሆን አለበት። የሃቫሱፓይ ክርክር የተነሣው ለወደፊት በተቀመጠ ደም ነውና።

አንድ ከባድ ነገር ግን ይቀራል። ቤተሰቡ ወይም የአገር ሽማግሌው አስቀድሞ እሺ ካለ በኋላ የቤቱ ምራት ወይም ወጣቱ ልጅ እምቢ ማለት እንዴት ይችላል? የጋራ ምክክር ለማኅበረሰቡ ክብር ነው፤ ለደካማው አባል ግን ጫና ሊሆን ይችላል። ቦርዶች ይህን ከፕሮፖዛል ላይ ሊያነቡት አይችሉም። እያንዳንዱ ሰው ከሽማግሌው ጆሮ ርቆ ለብቻው እንዲጠየቅ፣ በራሱ አንደበትም ምን እንደተረዳ መልሶ እንዲናገር ማዘዝ ይችላሉ። መታዘዙን ለማረጋገጥ ደግሞ ተመራማሪው የሚልከው የሂደት ሪፖርት አይበቃም፤ ክሊራንሱ ከተሰጠ በኋላ ከቦርዱ አንድ ሰው ወደ መስክ ወርዶ ተሳታፊዎቹን ማነጋገር አለበት።