ስቴሪዮን በቤት ውስጥ መትከልና መጠቀም

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዳግማዊ ምኒልክ ላኩ፤ በማግሥቱ ዓመት ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን አስቀረጹ። የዚያን ዘመን ፎኖግራፍ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ በሚጠመዘዝ ሞላ የሚሽከረከር ስለ ነበር ሰውን የሚያቃጥል ኃይል አልነበረበትም። ምኒልክ በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን በተቀመጡባት በአንኮበር ዛሬ ስቴሪዮ የሚከፍት ሰው ግን ሕይወት ሊያጠፋ ከሚችል ኃይል ጋር ይገናኛል።

በመጀመሪያ የሚታሰበው የመሣሪያው ማረፊያ ነው። አንኮበር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የምሥራቅ ጠርዝ ላይ ስለምትገኝ ከቆላው የሚወጣው ጉም ቤት ድረስ ይዘልቃል። እርጥበት የኤሌክትሪክ ጠላት ነው። ስለዚህ ስቴሪዮው ከመሬት ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ መሣሪያም በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ መከፈት የለበትም። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀትን ቶሎ አይወስድም፤ በመሣሪያውና በግድግዳው መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ያሻል። በብዙ ቤት እንደሚታየው መተንፈሻውን በዳንቴል መሸፈን መሣሪያውን ማፈን ነው። ዳንቴሉ ያምራል፤ ነገር ግን ቦታው ሌላ ነው።

ቀጥሎ የኃይሉ መጠን ይመርመር። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ለ110 ቮልት የተሠሩ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ መምህር ሳለ ከውጭ አገር የተላከለትን ቴፕ ጀርባውን ሳያነብ ሰክቶ፣ አንድ ዘፈን እንኳ ሳይሰማ ጭሱን ብቻ አሽትቷል። መሣሪያው የቮልት መምረጫ ካለው ወደ 220 ይዞራል፤ ከሌለው ለጉልበቱ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ባለ ሦስት እግር ሶኬት ከሆነም የመሬት መስመሩን ቆርጦ መጣል አይገባም፤ የተላጠ ሽቦ የመሣሪያውን ብረት ቢነካ ሰውን የሚያድነው እርሱ ነውና።

መቶ ዋት የሚወስድ ስቴሪዮ ግማሽ አምፔር እንኳ አይስብም። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ገመዱን አግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል፤ በተለይም ጣሪያው ሣር ከሆነ።

ስቴሪዮ ማለት ለሁለቱ ጆሮዎቻችን ሁለት የድምፅ መስመር ማዘጋጀት ነው። ብሪታንያዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1931 ለፓተንት አቅርቦታል። ስለዚህ ሁለቱን ስፒከሮች አራርቆ ማስቀመጥና ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ መቀመጥ ይገባል። ሽቦ የሚገናኘው መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ነው። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ይገጥማል፤ በአንዱ ወገን ቢገለበጥ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርሳቸው ይጣሉና ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። የተላጡት ጫፎች እንዳይነካኩም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከተነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል።

ክረምት ሲገባ መብረቅ አለ። ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አያድንም፤ መብረቅ በማጥፊያው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍተት ይዘላታል። ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይሰማ፣ ሶኬቱም የውጭ አንቴናውም ይነቀሉ። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን መንካት ራሱ አደጋ ነውና መተው ይሻላል። መብራት በሚጠፋበትም ጊዜ እንዲሁ መንቀል ያሻል፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ይገባል።

በመጨረሻ የድምፁ ልክ አለ። በሥራ ቦታ ጤና ጥበቃ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ 85 ዴሲቤልን በቀን ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳል፤ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ዝቅ ማድረጉን ይረሳል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ደግሞ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ስቴሪዮው ከተዘጋ በኋላ ጆሮ የሚጮህ ከሆነ ልኩ አልፏል ማለት ነው።