አክተር አይሞትም?

ቪዲዮ ቤት ተኮልኩሎ የአክሽን ፊልም እያየ ያደገ የአገራችን ትውልድ አንድ የማይሻር ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድበት፣ ሕንፃ ቢናድበት፣ መኪናው ገደል ቢገባ፣ አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ቶፕ ጋን፡ ማቭሪክ» ግን ይህን ሕግ የሚሽሩ ተመልካቾች አፈራ፤ ለዚያውም ፊልሙን ከወደዱት መካከል። እንደ እነሱ አባባል ቶም ክሩዝ የሚጫወተው አብራሪ ማቭሪክ ገና በመግቢያው ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ የምናየው ሁሉ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሕልም ነው። ግምቱ ስህተት ይመስለኛል። ቢሆንም ተራ ስህተት አይደለም። ተመልካች ትርጉም የሚሠራው ፊልም ሠሪው ክፍት በተወው ቦታ ላይ ነው። ክፍተቱ የት እንዳለ በማየት ረገድ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም፤ የሚስተው ክፍተቱ ለምን እንደተተወ ሲያስረዳ ነው። በዚህ ፊልም ዙሪያ የተሰነዘሩት ትልልቅ ግምቶች ይህን ጥሩ አድርገው ያሳያሉ።

የመጀመሪያው «ቶፕ ጋን» በቶኒ ስኮት ዳይሬክተርነት የወጣው በ1986 ነው (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለተኛው እስኪመጣ 36 ዓመት አለፈ። የሁለተኛው ዳይሬክተር ጆሴፍ ኮሲንስኪ ቀረጻውን በ2018 እና በ2019 ያካሄደ ቢሆንም ኮቪድ ሲኒማ ቤቶችን ስለዘጋ ፊልሙ ተራ ጠባቂ ሆኖ ቆየ። ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከገቢው ድምር ይልቅ ስለ ተመልካቹ ብዙ የሚናገረው አመጣጡ ነው። የዚህ ዓይነት ትልልቅ ፊልሞች በሁለተኛው ቅዳሜና እሁድ ገቢያቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ማሽቆልቆሉ የተለመደ ነው፤ ይኼኛው አሜሪካ ውስጥ የቀነሰው 29 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ የማስታወቂያ ውጤት ሊሆን አይችልም፤ ያየ ላላየ ነግሮ ነው፣ ያየውም ደግሞ ሄዶ ነው። ስቱዲዮው እንዳስታወቀው በመክፈቻው ሰሞን ከገቡት ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በላይ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ «ሟቹ» እንምጣ። ማቭሪክ ዳርክስታር የተባለውን የሙከራ አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት ከአሥር እጥፍ በላይ ያስወነጭፈዋል። አውሮፕላኑ መበታተን ይጀምራል፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪኖች ምልክት ያጣሉ፤ ከዚያ በቀጥታ አንዲት የገጠር ምግብ ቤት እናያለን። ፊቱ ጥላሸት የለበሰ፣ የበረራ ልብሱ የጨሰ ሰው በሩን ገፍቶ ይገባል። ተመጋቢው ሁሉ ክው ብሎ ያየዋል። ብርጭቆ አንስቶ ውኃ ይጠጣና የት እንዳለ ሲጠይቅ አንድ ትንሽ ልጅ ምድር ላይ መሆኑን ይነግረዋል። እንዴት ወጣ? በምን ወረደ? ስንት ሰዓት ተጓዘ? አንዱም አይታይም። ከዚያ ወዲያ ሰውየው በሕይወቱ የጎደለው ሁሉ አንድ በአንድ ይሞላለታል። በመጀመሪያው ፊልም ስሟ ብቻ ይነሳ የነበረችው ፔኒ ፍቅረኛው ትሆናለች። በሞት ያጣው የጓደኛው የጉስ ልጅ ሩስተር ከቂም በኋላ ይቅር ይለዋል። የድሮ ተቀናቃኙ አይስማን አድሚራል ሆኖ ጋሻ ይሆነዋል። የጠላትን ፋብሪካ የማጥቃቱ የማይቻል ተልእኮ ይቻላል፤ መጨረሻ ላይም በገዛ አሮጌ አውሮፕላኑ ፔኒን ይዞ ወደ ጀምበር መጥለቂያው ይበራል። በእርግጥ ሕልም ይመስላል።

የሕልሙ ግምት ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ሕልም ያለ ሕልመኛው የለም፤ ፊልሙ ግን ማቭሪክ የሌለባቸውን ቦታዎች ያሳየናል። እሱ ተመትቶ ወድቋል በሚባልበት ሰዓት አውሮፕላን ተሸካሚው መርከብ ላይ ያሉት አዛዦች የሚወስኑትን፣ ወጣቱ አብራሪ ሃንግማን ልነሳና ልርዳቸው ሲል የሚከለከለውን እናያለን። ሁለተኛው ይበረታል፤ አይስማን ራሱ ነው። እሱን የተጫወተው ቫል ኪልመር በእውነተኛ ሕይወቱ በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ያጣ ሰው ነበር። ፊልሙ ይህን አልደበቀም፤ አይስማን ሐሳቡን ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ይነጋገራል፣ ጥቂት ቃላት በጭንቅ ይናገራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ማቭሪክ የበረራ ክንፍ ምልክቱን ሬሳ ሣጥኑ ላይ በቡጢ መትቶ ይተክላል። ምኞትን ሁሉ የሚሞላ ሕልም የሚወዱትን ሰው ድምፅ ነጥቆ፣ ቀብሩ ላይ አያቆምም። ተመልካቹን ያስለቀሰውም የአይስማን በሽታ ትወና ብቻ እንዳልሆነ ማወቁ ነው፤ ኪልመር በሚያዝያ 2025 መጀመሪያ ላይ ከዚህ ዓለም ሲለይ ብዙዎች ያነሱት ያንኑ ትዕይንት ነው።

በዚያ ፍጥነት ማንም አይተርፍም የሚለው ሙግት ከፊዚክስ አንፃር ትክክል ነው፤ የጠፈር ተመራማሪው ኒል ዲግራስ ታይሰንም ይህንኑ በአደባባይ ተናግሮ የፊልሙን አድናቂዎች አስቆጥቷል። ነገር ግን ታሪክ አንድ የሚገርም ማስረጃ አስቀምጦልናል። በጥር 1966 የአውሮፕላን ሠሪው የሎክሂድ የሙከራ አብራሪ ቢል ዊቨር የሚያበረው ኤስአር-71 ከድምፅ ፍጥነት ከሦስት እጥፍ በላይ እየከነፈ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተበታተነ። ዊቨር በመቀመጫው ተወንጭፎ ለመውጣት እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ አውሮፕላኑ ፈርሶ ተፋው። አብሮት የነበረው ባልደረባው ሲሞት እሱ በግፊት ልብሱና በፓራሹቱ ተርፎ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የከብት እርባታ መሬት ላይ አረፈ። ኋላ ሲያወጋ፣ እየወረደ ሳለ መጀመሪያ ሕልም መስሎት እንደነበር፣ ቀጥሎም በቃ ሞቻለሁ ብሎ እንደደመደመ ተናግሯል። ለፊልሙ ዳርክስታርን በመንደፍ የረዳው ያንኑ ኤስአር-71 የሠራው የሎክሂድ ክፍል ነው። ሦስት እጥፍ አሥር እጥፍ አይደለም፣ ልዩነቱ የትየለሌ ነው፤ ቢሆንም በሕይወት ያለ ሰው ራሱን እንደ ሟች ሊቆጥር እንደሚችል የሚያሳየው ይህ ማስረጃ ከሕልመኞቹ በተቃራኒ ቆሟል።

ታዲያ ካሜራው ለምን ዞር አለ? መልሱ ያለው በ1986ቱ ፊልም ውስጥ ነው። ጉስ የሞተው ጠላት ተኩሶበት አልነበረም። የሚበሩበት ኤፍ-14 ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን በመቀመጫው ተወንጭፎ ሲወጣ ከአውሮፕላኑ መስታወት ክዳን ጋር ተላትሞ ነው። በዚህ ተከታታይ ታሪክ ከአውሮፕላን ተወንጭፎ መውጣት ማለት ጉስ ማለት ነው። ሁለተኛውን ፊልም በዚህ ዓይን ብታዩት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ወጣቶቹ አብራሪዎች ፊኒክስና ቦብ ሞተራቸው ተቃጥሎ ሲወጡ ይታያሉ። ማቭሪክ ግን ከዳርክስታር ሲወጣ አይታይም፤ ሩስተርን ለማዳን ራሱን ለሚሳይል ሰጥቶ ሲመታም አይታይም፣ ጓደኞቹ ፓራሹት አላየንም ይላሉ፣ ቀጥሎ በረዶ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ሲገልጥ ነው የምናገኘው። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቃል። ሁለቱ ከጠላት ሰፈር በሰረቁት ኤፍ-14 ሲያመልጡ ሩስተር የሚቀመጠው ከኋላ ነው፣ ማለትም አባቱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር። ጥይት ያለቀባቸው ጊዜ ማቭሪክ ውጣ ብሎ ይጮኻል፣ ልጁ እጀታውን ይጎትታል፣ መወንጨፊያው አይሠራም። አባቱን የገደለው መውጫ በልጁ ላይ ተዘጋ፤ መዘጋቱም አተረፈው፣ ሃንግማን ደርሶ አዳናቸውና። ይህ በአጋጣሚ የተሰፋ አይመስለኝም። ካሜራው ከማቭሪክ ላይ ዓይኑን የሚያነሳው ሰውየው ሞቶ ሳይሆን፣ ፊልሙ ያንን አንድ እንቅስቃሴ ለመጨረሻው ሰዓት ስላስቀመጠው ነው ብል እደፍራለሁ። የሕልሙ ግምት ባለቤቶች ጣታቸውን ያሳረፉት ትክክለኛው ስፌት ላይ ነበር፤ ልብሱን ግን ለከፈን አዋሉት።

ሌላው ትልቅ ክፍተት ጠላት ነው። ፊልሙ ዩራኒየም የሚያበለጽግ፣ በተራሮች መካከል የተደበቀ ፋብሪካ ያለው አገር ይለናል፤ ስም የለውም፣ አብራሪዎቹ ፊት የላቸውም። ተመልካቹ እንደ ፖሊስ መርማሪ ሠራበት። ኤፍ-14ን የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2006 ጡረታ ካወጣው በኋላ ማብረሯን የቀጠለችው ኢራን ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ ኢራን ነው ተባለ። ዘመናዊዎቹ የጠላት ጄቶች የሩሲያውን ሱ-57 ይመስላሉ፣ በረዶውና ጥዱም ይጨመር፤ ስለዚህ ሩሲያ ነው ተባለ። በሰኔ 2025 አሜሪካ ፎርዶ የተባለውን የኢራን የከርሰ ምድር ማበልጸጊያ በቦምብ ስትመታ የመጀመሪያዎቹ ትንቢት የተፈጸመላቸው መሰላቸው፤ የተላኩት ግን በሸለቆ ውስጥ የሚሽሎከለኩ ኤፍ-18ዎች ሳይሆኑ ከከፍታ የሚጥሉት ቢ-2 ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ለእኔ ግን ኤፍ-14 ፊልሙ ውስጥ የገባው ኢራንን ለመጠቆም ሳይሆን ሁለት ወንበር ስላለውና አንዱ የጉስ ስለሆነ ነው። ኤፍ-18 የተመረጠበትም ምክንያት ከዚህ አይርቅም። ገጸ ባሕርያቱ ኤፍ-35 ያልተላከው የጂፒኤስ ምልክት ስለሚታፈን ነው ይላሉ፤ ኤፍ-35 ግን ባለ አንድ ወንበር ነው። ተዋናዮቹ እውነተኛ አየር ላይ፣ ከባሕር ኃይል አብራሪ ኋላ ተቀምጠው ነበር የሚቀረጹት፤ ኋላ ወንበር በሌለው አውሮፕላን የቶም ክሩዝን ጉንጭ በስበት ሲጎተት ማሳየት አይቻልም። ታሪኩ ለካሜራው ታዟል።

የጠላት ስም መደበቁ የዘመኑ የገበያ ፍርሃት ነው የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ይሁንና በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የተሠራው የመጀመሪያው ፊልምም ጠላቱን አልጠራም። «ሚግ-28» የሚባሉት ጥቁር አውሮፕላኖች በዓለም ላይ የሌሉ፣ በቀለም የተለወጡ አሜሪካን ሠራሽ ኤፍ-5ዎች ነበሩ። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ፈገግ ያሰኛል፤ በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚጎች ያረገፉት የአየር ኃይላችን ኤፍ-5ዎች ነበሩ፤ ሆሊውድ ሚግ አዳኙን ሚግ አድርጎ አቀረበው። የገበያው ፍርሃት በግልጽ የታየው ግን ጃኬቱ ላይ ነው። የማቭሪክ የቆዳ ጃኬት ጀርባ ላይ ከ1986 ጀምሮ የጃፓንና የታይዋን ባንዲራዎች ተሰፍተው ነበር። በ2019 የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሲለቀቅ ሁለቱ ባንዲራዎች ምንነታቸው በማይለይ ምልክት ተተክተው ታዩ፤ ያኔ የቻይናው ኩባንያ ቴንሰንት ከባለ ገንዘቦቹ አንዱ ነበር። በኋላ ቴንሰንት እንደወጣ ተዘገበ፤ በ2022 ፊልሙ ሲታይ ባንዲራዎቹ ተመልሰዋል፣ ታይፔ ውስጥም ተመልካቾች ጃኬቱን ሲያዩ በጭብጨባ እንደተቀበሉት ተነገረ። ለሁለት ሰከንድ የሚታይ ጨርቅ ነው። ያንን አጉልቶ አይቶ ጥያቄ የሚያነሳ ተመልካች መኖሩን ግን መካድ አይቻልም።

ለመዝናኛ የተሠራን ነገር ይህን ያህል መመርመር ትርፉ ድካም ነው የሚል ይኖራል። ፊልሙ ራሱ ግን በዚህ አይስማማም፤ የመጀመሪያውን ፊልም ያላስታወሰ ሰው የኋላ ወንበሩ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም፣ ስለዚህ ለአስታዋሽ ዓይን የተሠራ ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጥሩ መጨረሻ ያለው ፊልም ሁሉ ሕልም ነው ሊባል ይችላል፣ በ1976ቱ «ታክሲ ድራይቨር» መጨረሻም ላይ ያው ተብሏል፣ ለሁሉ የሚሆን ቁልፍ ደግሞ አንዱንም በር በትክክል አይከፍትም። እስማማለሁ። መለኪያውም ይኸው ነው፤ አንድ ግምት የቆመው በዚህ ፊልም ላይ ብቻ ባለ ነገር ላይ ነው ወይስ በማንኛውም ላይ ሊለጠፍ ይችላል? የኋላ ወንበሩ የዚህ ፊልም ብቻ ነው። ጀምበር መጥለቂያው የማንም ነው።

በዚህ መለኪያ የሕልሙ ግምት ቢወድቅም ከየት እንደመጣ መናገር ይቻላል። ከ35 ዓመት በላይ ናቸው ያልኳቸውን ተመልካቾች አስቡ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ፊልም በልጅነታቸው ወይም በጎረምሳነታቸው አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወገባቸው ከብዷል፣ ጓደኛ ቀብረዋል፣ ሳይታረቁ የቀሩት ሰው አላቸው። ስክሪኑ ላይ ግን ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ከሃያዎቹ ወጣቶች በልጦ ይበራል፣ እዳውንም ሁሉ ከፍሎ ይጨርሳል። ፊልሙን ወደውታል፣ ሊያምኑት ግን ተቸግረዋል። እንዲህ ያለ ምሉዕ ነገር የሚገኘው ከዚህ ዓለም ውጭ ነው የሚል ሰው ፊልሙን አላጣጣለም፤ ዕድሜ ያስተማረውን ፊልሙ ካሳየው ጋር ለማስታረቅ የቀረችውን አንዲት መንገድ ነው የያዘው።

ሦስተኛ ክፍል እየተዘጋጀ መሆኑን ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ብሩክሃይመር ተናግሯል። ከወጣ፣ አይስማን የለም፤ ቶም ክሩዝም ስድሳን አልፏል። ሕልመኞቹ ግምታቸውን ይጥሉ ወይም ሕልሙ ቀጥሏል ይበሉ የነሱ ጉዳይ ነው። የሚጠበቀው ማቭሪክ እንደገና ከአውሮፕላን መውጣት ሲኖርበት ካሜራው አብሮት ይወጣ እንደሆነ ነው።