ኤክስ-ሮድ፦ መናበብና መጠበቅ አብረው የሚሄዱበት መንገድ

በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሂሳብ፣ የሰው ኃይልና የንብረት ክፍሎች የሚገለገሉባቸው ሶፍትዌሮች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ኩባንያና በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ መሆናቸው የተለመደ ነው። ሲስተሞቹ ካልተናበቡ ሠራተኛው ከአንዱ ስክሪን ያነበበውን ቁጥር ወደ ሌላው በእጁ ይገለብጣል፤ ባለጉዳዩም መንግሥት ራሱ መዝግቦ የያዘውን መረጃ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት በወረቀት ይዞ ይመላለሳል። ዌብ ሰርቪስ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው፤ አንዱ ሶፍትዌር ሰው መሀል ሳይገባ ሌላውን በኔትወርክ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ዘዴ ነው። ነገር ግን በብዙ የአይቲ ክፍሎች ውስጥ አንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ሲስተሞች በተናበቡ ቁጥር ለአደጋ ይጋለጣሉ፣ ጥበቃቸው በጠነከረ ቁጥር ደግሞ መናበብ ያቅታቸዋል የሚል። ይህ እምነት የተሳሳተ ነው። ተናባቢነትም ደኅንነትም የሚቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ እሱም ላኪና ተቀባይ አንዱን መልእክት አንድ ዓይነት አድርገው መረዳታቸው ነው። የኢስቶኒያው ኤክስ-ሮድ ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳያል፤ ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ግን የዌብ ሰርቪስን አጭር ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና ሌሎች ኩባንያዎች ሶፕ የተባለውን የመልእክት አላላክ ሥርዓት 1.1 እትም ይፋ አደረጉ። መልእክቱ ኤክስኤምኤል በተባለ የዳታ አጻጻፍ ቅርጽ የሚጻፍ ሲሆን ራስጌና ዋና አካል አለው። ችግሩ ደንቡ ለጋስ መሆኑ ነበር። ዳታን በመልእክቱ ውስጥ ለማስቀመጥ ከአንድ በላይ ዘዴ ስለፈቀደ፣ ሁለት ኩባንያዎች ደንቡን አክብረው የሠሯቸው ሶፍትዌሮች እርስ በርስ ላይግባቡ ይችሉ ነበር። በ2002 ትልልቆቹ አምራቾች ለተናባቢነት የሚሠራ የጋራ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ያወጣው መሠረታዊ መመሪያ አዲስ ነገር ከመጨመር ይልቅ የነበረውን አጠበበ፤ ከተፈቀዱት ዘዴዎች መካከል የሚያምታቱትን ከለከለ። በ2004 ደግሞ ኦኤሲስ የተባለው የደረጃ አውጪ ተቋም ዲጂታል ፊርማና ምስጠራ በመልእክቱ በራሱ ውስጥ የሚገቡበትን ደንብ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ጥበቃው በመስመሩ ላይ ብቻ አልቀረም፤ መልእክቱ በስንት ሰርቨር ቢያልፍ አብሮት ይጓዛል።

ይሁንና ፊርማ ብቻውን አይበቃም። የኤክስኤምኤል ፊርማ የመልእክቱን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ሊፈርም ይችላል፤ የትኛው ክፍል እንደተፈረመ የሚታወቀውም በመለያ ስም ነው። አጥቂው የተፈረመውን ክፍል ሳይነካ ወደ ሌላ የመልእክቱ ጥግ ያዛውረውና በቀድሞ ቦታው የራሱን ትእዛዝ ይተክላል። ፊርማ መርማሪው የሶፍትዌር ክፍል በመለያው ሄዶ የተዛወረውን ያገኛል፤ አልተነካምና ትክክል ነው ይላል። ሥራውን የሚያከናውነው ክፍል ግን በተለመደው ቦታ የተቀመጠውን የአጥቂውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ማኅተሙ ያረፈበትን ገጽ ከኋላ አድርጎ ከፊቱ ሌላ ገጽ እንደ መስፋት ነው። ይህ የጥቃት ዘዴ በ2005 በጥናት ተገልጾ ነበር፤ በ2011 ደግሞ የጀርመኑ የሩር ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአማዞን የክላውድ አገልግሎት ላይ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ፤ አማዞንም ክፍተቱን ዘጋ። ልብ እንበል፤ እዚህ ምስጠራው አልተሰበረም፣ ቁልፍም አልተሰረቀም። የተሰበረው መናበብ ነው፤ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች አንዱን መልእክት ለየብቻ አነበቡት። የደኅንነት ቀዳዳው ራሱ የተናባቢነት ጉድለት ነበር።

ኢስቶኒያ በ2001 ሥራ ላይ ያዋለችው ኤክስ-ሮድ የተገነባው መናበብንና ጥበቃን በአንድ የጋራ ደንብ በማያያዝ ነው። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሁሉን መረጃ የሚያከማች ማዕከላዊ ዳታቤዝ አይደለም። የሕዝብ መዝገቡ፣ የንግድ መዝገቡና የጤና መረጃው በየባለቤታቸው እጅ ናቸው። ወደ መረቡ የሚገባ ድርጅት በሲስተሙ ደጃፍ ላይ የጥበቃ ሰርቨር ይተክላል፤ ጥያቄ ሁሉ ከአንዱ ድርጅት የጥበቃ ሰርቨር ወደ ሌላው በቀጥታ፣ ተመስጥሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ መልእክት በድርጅቱ ዲጂታል ፊርማ ይታተማል፣ በሎግ ይመዘገባል፣ የጊዜ ማኅተምም ያርፍበታል፤ ስለዚህ ጠያቂው አልጠየቅሁም፣ መላሹም አልመለስሁም ማለት አይችሉም። የመረቡ ማዕከል የሚሠራው የአባላትን ዝርዝርና የጋራውን ደንብ ማሰራጨት ነው። የጥበቃ ሰርቨሮቹ ቅጂውን ስለሚይዙ ማዕከሉ ለተወሰነ ጊዜ ቢቋረጥ እንኳ ልውውጡ አይቆምም። አባል መሆን ብቻውን ደግሞ መረጃ አያስገኝም፤ ለየትኛው ጠያቂ የትኛው አገልግሎት እንደሚከፈት የሚወስነው የመረጃው ባለቤት ነው።

የጋራው ደንብ ጠባብና ግልጽ መሆኑ ያመጣውን ውጤት በድንበር ተሻጋሪ ሥራው ማየት ይቻላል። በ2013 የኢስቶኒያና የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የትብብር ስምምነታቸውን በዲጂታል ፊርማ ፈረሙ። በ2017 ሁለቱ አገሮች ኤክስ-ሮድን የሚያበለጽግ የጋራ ተቋም መሠረቱ፤ አይስላንድም በኋላ ተቀላቀለች። በ2018 የኢስቶኒያና የፊንላንድ መረቦች ተያያዙ። የፕሮግራሙ ኮድ ማንም ሊያነበውና ሊመረምረው የሚችል ነው፤ በግልጽ ፈቃድ ተለቋል። ቴክኖሎጂው የቆመውም በሕግ ላይ ነው፤ የኢስቶኒያ ሕግ በአንድ ዳታቤዝ የሚሰበሰበውን መረጃ ለመሰብሰብ ሌላ ዳታቤዝ ማቋቋምን ይከለክላል። አንድ ጊዜ የተሰጠ መረጃ እንደገና እንዳይጠየቅ ያደረገው ሕጉ ነው፤ ኤክስ-ሮድ አፈጻጸሙን አመቻቸለት።

ለዚህ ሁሉ ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው ዝግ ሲስተም ይሻላል የሚለው ነው። ነገር ግን ዝግ የሆነ መሥሪያ ቤት መረጃ መለዋወጡን አይተውም፤ በፍላሽ፣ በኢሜይል በሚላክ የኤክሴል ፋይልና በፎቶ ኮፒ ይለዋወጣል። በነዚህ መንገዶች የሄደ መረጃ ፊርማ የለውም፣ ሎግ የለውም፣ ማን እንዳየውም አይታወቅም። ሁለተኛው ተቃውሞ ሶፕና ኤክስኤምኤል ጊዜያቸው አልፏል፣ ዛሬ ሁሉ ነገር ሬስት የተባለው የአጠያየቅ ስልትና ጄሶን የተባለው የዳታ አጻጻፍ ነው የሚል ነው። ቅርጹ መለወጡ እውነት ነው፤ ኤክስ-ሮድም በ2019 ሬስትን ተቀብሏል። ጠያቂው ማን ነው፣ ምን ተፈቅዶለታል፣ መልእክቱ በመንገድ ተለውጧል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ግን አልተለወጡም። በጄሶን የሚሠራ ሁሉ ለእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ማዘጋጀት አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይህን ያህል መረጃ የተያያዘበት መረብ አንድ ቦታ ቢላላ ጉዳቱ ሰፊ አይሆንም ወይ? ኢስቶኒያ ራሷ ተፈትናለች። በ2017 በመታወቂያ ካርዶቿ ቺፕ ላይ ወደ 760 ሺህ ካርዶችን የሚነካ ጉድለት ተገኝቶ ሰርተፍኬቶቹ ታግደው እንዲታደሱ ግድ ሆነ። በ2021 ደግሞ አንድ አገልግሎት የሚደርሱትን ጥያቄዎች በሚገባ ባለመመርመሩ ከ286 ሺህ በላይ የመታወቂያ ፎቶዎች በአንድ ሰው ተወሰዱ። ስለዚህ የተጠበቀ መንገድ በዳር ላይ ያለውን ሰነፍ አገልግሎት አያድንም፤ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ደጃፍ መፈተሽ አለበት። ሆኖም መረጃው በየባለቤቱ ተበታትኖ መቀመጡ አንድ በር ሲከፈት ሁሉ እንዳይከፈት ያደርጋል። ኢስቶኒያውያንም የሕዝብ መዝገብን በመሳሰሉ ቦታዎች መረጃቸውን የትኛው ተቋም እንዳየው ገብተው መመልከት ይችላሉ፤ ይህ መብት ባለሥልጣኑንም ተጠያቂ ያደርጋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የባንኮች የጋራ የክፍያ መረብ የሆነው ኢትስዊች የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም እንዲሠራ በማድረጉ ተፎካካሪዎች በጋራ ደንብ ሊናበቡ እንደሚችሉ አይተናል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ ለተባለው ዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ቀሪው ሥራ የሲስተም ሠሪዎችና የአሠሪዎቻቸው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሶፍትዌር ሲያስገነባ በጨረታ ሰነዱ ላይ አራት ነገሮችን ከመጀመሪያው ይጠይቅ፦ ሁሉ የሚያውቀው የመልእክት ደንብ፣ የእያንዳንዱ መልእክት ፊርማ፣ የማይፋቅ ሎግ፣ ለየአገልግሎቱ ተለይቶ የሚሰጥ ፈቃድ። እነዚህን መጀመሪያ ያልጠየቀ ተቋም ኋላ ለየሲስተሙ ለብቻው ጠጋኝ ሲቀጥር ይኖራል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው።