ከግብ አስቆጣሪነት ወደ አሠልጣኝነት፦ የመንግሥቱ ወርቁ ሁለት ዘመናት

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተካሄደው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት ሁለት ለሁለት በመጠናቀቁ ወደ ተጨማሪ ሰዓት አመራ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን መሪ አደረገ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ግብ አስቆጥረው የግብፅን ተስፋ አጨለሙ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ በዚያ ዕለት በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ለቡድኑ ተሰጠ።

ይህ ታሪክ በተደጋጋሚ ተነግሯል። እምብዛም የማይነሣው ከሃያ ዓመታት በኋላ የሆነው ነው። በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ሊቢያ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ይዘው ወደ ቤንጋዚ የተጓዙት አሠልጣኝ እኚሁ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ።

በተጫዋችነት ዘመናቸው ያስመዘገቡት ውጤት በአኃዝ ሲገለጽ ከባድ ነው። በ1954ቱ ውድድር ሦስት ግቦችን በማስቆጠር ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነትን ክብር ተጋርተዋል። በተሳተፉባቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ ያስቆጠሯቸው ግቦች 10 ሲሆኑ፣ ይህም በውድድሩ ታሪክ ከዛምቢያዊው ካሉሻ ቡዋልያ ጋር እኩል የሚያስቀምጣቸው ነው። ይሁን እንጂ ግብ የማስቆጠር ችሎታ ለአሠልጣኝነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ተጫዋችን አሠልጣኝ የማድረግ ልማድ በኢትዮጵያ ከመንግሥቱ ወርቁ የሚጀምር አይደለም። የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበሩ ሲሆን፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የዚያው ቡድን አምበልና በፍጻሜው ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ በ84ኛው ደቂቃ ያስቆጠሩት ሉቺያኖ ቫሳሎም ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ገብተው ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል። አሥመራ የተወለዱት ሉቺያኖ በኋላ አገር ለቀው ወደ ጣሊያን የተሰደዱ ሲሆን፣ ያረፉትም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በዚያው በስደት አገራቸው ነው። 

ወደ ቤንጋዚ እንመለስ። ኢትዮጵያ የተመደበችው ከናይጄሪያ፣ ከአልጄሪያና ከዛምቢያ ጋር ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ በወቅቱ የዋንጫው ባለቤት በነበረችው ናይጄሪያ 3 ለ 0 ተሸነፈች። በሁለተኛውም በዛምቢያ 1 ለ 0 ተረታች። በሦስተኛው ከአልጄሪያ ጋር ያለምንም ግብ አቻ ተለያየች። ቡድኑ በውድድሩ አንድም ግብ ሳያስቆጥር፣ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ያለው ተቃርኖ ልብ ሊባል ይገባል። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የበለጠ ግብ ያስቆጠሩት ሰው ያሠለጠኑት ቡድን የሚታወሰው በመከላከሉ ነው። ያቺ አንድ ነጥብ ቀላል አልነበረችም። ይኸው የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወራት በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን 1974 ዓ.ም. በስፔን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ፣ ማጄርና ቤሉሚ ባስቆጠሯቸው ግቦች ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፎ ዓለምን አስደንቋል። እርግጥ አልጄሪያ ከኢትዮጵያ ጋር ስትጫወት ወደ ግማሽ ፍጻሜ ማለፏን ቀድማ አረጋግጣ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

የተጫዋችና የአሠልጣኝ ሥራ ልዩነት የሚታየው በእንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ ነው። አጥቂ በደመ ነፍስ የሚያደርገውን፣ ለምሳሌ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ወዴት መሮጥ እንዳለበት ማወቁን፣ ለሌላው በቃል ማስረዳት ይቸግረዋል። አሠልጣኝ ግን ሥራው ማስረዳት ነው። ከዚህም በላይ የራሱን ምርጫ ትቶ በእጁ ያሉት ተጫዋቾች በሚችሉት መንገድ መጫወትን መቀበል ይኖርበታል። በሁለት ሽንፈት የተጎዳን ቡድን በሦስተኛው ጨዋታ ግቡን ሳያስደፍር እንዲወጣ ማድረግ ከግብ አስቆጣሪነት የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

ጉዳዩ የብሔራዊ ቡድን ብቻም አይደለም። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሜዳዎች ታዳጊዎችን ሰብስቦ የሚያሠለጥን ሰው ቢገኝ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ኳስ የተጫወተ የሠፈሩ ልጅ ነው። የተጫዋችነት ልምዱ ተሰሚነት ያስገኝለታል። ሆኖም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሠልጣኝነት ፈቃድን ከ«ዲ» አንሥቶ እስከ «ኤ» እና ከዚያም በላይ በደረጃ ከፋፍሎ ሥልጠና የሚሰጠው ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ በመረዳት ነው። በየደረጃው ያሉ የስፖርት ኃላፊዎች አሠልጣኝ ሲመድቡ የቀድሞ ዝናን ከሥልጠናው አስቀድመው የሚመለከቱ ከሆነ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በታዳጊዎቹ ላይ ነው። ሜዳው ራሱ ለሌላ አገልግሎት ከዋለ ደግሞ ሥልጠናውም ዝናውም ትርጉም ያጣሉ።

ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመታት ፈጅቶባታል። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በወቅቱ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ነበር። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ተጫዋቾች እየተጫወተ ሳለ አዳነ ግርማ የአቻነቱን ግብ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ግብ ስታገባ በ1968 ዓ.ም. ራሷ ካስተናገደችው ውድድር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ዕለቱም ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ የ1954ቱ ዋንጫ ከተነሣ ልክ 51 ዓመት የሞላው ቀን። አሠልጣኝ መንግሥቱ ወርቁ ግን ይህን ለማየት አልታደሉም፤ ያረፉት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።