ስለ ጠመንጃ ምላጭ አመራረጥና ዋጋ

ጠመንጃ ሲሸጥና ሲገዛ ገዢው አፈሙዙን ያያል፤ ሰደፉን ያገላብጣል፤ ይልቁንም ጥይቱ በቅርብ መገኘት አለመገኘቱን ይጠይቃል። ስለ ምላጩ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህች ትንሽ ብረት ምን እንደምትሠራ፣ ለብቻዋ በምትሸጥበት አገር በምን እንደምትመረጥና ዋጋዋ ከምን እንደሚመጣ፣ እንደ ጭፍራ ባለ ስፍራ ደግሞ ሚዛኑ ለምን የተለየ መሆን እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ቃሉን መለየት ያስፈልጋል። በተለምዶ «ቃታ ሳበ» ሲባል አንዳንዱ የጠመንጃውን መዝጊያ፣ አንዳንዱ ጣት የሚስበውን ብረት ያስባል። እዚህ ምላጭ የምንለው ጣት የሚያርፍበትን ክፍል ከነውስጥ መያዣው ነው። ጠመንጃ ሲቀባበል መቺው መርፌ በብርቱ ሞላ ተወጥሮ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ፊት እንዳይወረወር የሚይዘው አንድ የብረት ጥርስ ነው። ጣት ምላጩን ሲስብ ጥርሱ ይወርዳል፤ መርፌው ይለቀቅና የጥይቱን ቂጥ ይመታል። እንግዲህ ተቀባብሎ የተቀመጠ ጠመንጃ ጸጥ ብሎ የሚቆየው ከጥቂት ሚሊሜትር በማይበልጥ ንክሻ ነው ማለት ነው።

ለጦር ሠራዊት የተሠሩ ጠመንጃዎች ይህን ንክሻ ጠለቅ ያደርጉታል። በአገራችን ቤልጅግ የሚባለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ጠመንጃ የ1898ቱ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የጀርመን ማውዘር ዘር ስለ ሆነ ለምሳሌ ይበቃል። ምላጩ በሁለት እርምጃ ይሳባል፤ የመጀመሪያው ረዘም ያለና ቀላል ነው፤ ከዚያ ጣት እንደ ግድግዳ ያለ ነገር ይገጥመዋል፤ ያን ሲያልፍ ይተኩሳል። መጀመሪያ ጥርሱ በጥልቀት ስለሚይዝ ጠመንጃው ቢወድቅ ወይም በጉዞ ቢንገጫገጭ በቀላሉ አይለቅም። ዛሬ በብዛት የሚታየው ክላሽም አሠራሩ ሌላ ቢሆን፣ ምላጩ ሰፊ ክፍተት ያለውና አቧራ የሚታገሥ ሆኖ የተሠራ ነው።

ምላጭን ለብቻው የመሸጥ ንግድ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የማውዘር ጠመንጃ በርካሽ ተገኘ፤ ገዢዎቹም ወደ አደን መሣሪያ ለወጡት። በ1946 የተመሠረተው ቲምኒ የተባለው ድርጅት የታወቀው ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ ምላጭ እየሠራ በመሸጥ ነው። የአንዱ ዋጋ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር ይበልጣል። ገዢው የሚከፍለው ለሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለመሳቢያው ክብደት፤ የወታደር ምላጭ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ሲጠይቅ የአዳኝ ምላጭ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመተኮሱ በፊት ሳይሻክርና ሳይንሸራተት በአንድ ጊዜ ለመልቀቁ። ሦስተኛ፣ ከለቀቀ በኋላ ጣቱ ወዲያው ለመቆሙ። ሦስቱም ተኳሹ ጠመንጃውን ሳያናውጥ ዒላማውን እንዲመታ ይረዳሉ።

ነገር ግን ቅለት ያለ ዋጋ አይገኝም። ንክሻው ባነሰ መጠን አቧራ፣ የደረቀ ዘይትና ዝገት የሚያደርሱት ጉዳት ይበዛል። በአሜሪካ በሬሚንግተን ሞዴል 700 ጠመንጃ ላይ ምላጩ ሳይነካ ተኰሰ የሚል ክስ ለብዙ ዓመታት ቀርቧል። ድርጅቱ ጉድለት የለበትም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤት በ2017 ባጸደቀው ስምምነት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጠመንጃዎችን ምላጭ ያለ ክፍያ ለመለወጥ ተስማምቷል። ትልቅ ፋብሪካ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ክርክር ከተነሣ፣ ጥርሱን በሞረድ እያሳሳ «አለሰለስሁልህ» የሚል ባለሙያ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ። የብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ጥርስ የጠነከረው በላይኛው ስስ ቈዳ ብቻ ነው፤ ሞረድ ያን ከገፈፈው ውስጡ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ዛሬ የተመቸ ምላጭ ነገ ሳይነካ ይለቅቃል።

በአገራችን የጠመንጃን ዋጋ ከጥንት ጀምሮ የወሰነው ጥራቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1885 ከታጁራ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአውሮፓ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣ አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ያህል እንደሚሸጥ ገልጿል። ልዩነቱን ያመጣው ግመሉ፣ ውሃው፣ የአፋር በረሃ አደጋና የወራት መዘግየት ነበር። ራሱም አንኮበር የደረሰው በ1887 ነው። ስለዚህ ብዙ ብር የተከፈለበት መሣሪያ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ ሩቅ የመጣ ነው ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የምላጭም ዋጋ እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጭፍራ እንመለስ። ጭፍራ በአፋር ምዕራባዊ ዳር፣ ከወሎ ደጋ ግርጌ፣ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቆላው አርብቶ አደርና የደጋው ገበሬ በገበያዋ ይገናኛሉ። በዚህ አገር ጠመንጃ በሣጥን ተቈልፎ የሚውል ሳይሆን ከእረኛው ትከሻ ጋር በአቧራና በሐሩር ውሎ የሚያድር ነው። ሰው በተሰበሰበበት ገበያ ወይም በውሃ ጕድጓድ ዳር አንድ ጥይት ሳይታሰብ ቢወጣ ነገሩ በባለቤቱ ላይ አያበቃም። በአፋሮች ልማዳዊ ሕግ፣ በማዳአ፣ የደም ካሳ የሚወድቀው በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በጎሣው ላይ ነው፤ ከብቱንም ጎሣው ያዋጣል። ሟቹ ከሌላ ጎሣ ወይም ከደጋው ወገን ከሆነ ደግሞ ሽማግሌዎች ደርሰው እስኪያበርዱት ድረስ ገበያውም መንገዱም ይታወካል። እንግዲህ ለምላጭ የሚገባው ሚዛን ዶላሩ ወይም ብሩ ሳይሆን ይህ ካሳ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከባዱ የወታደር ምላጭ ርካሽ፣ ቀላሉና የተሞረደው እጅግ ውድ ይሆናል።

ስለዚህ መራጭ ሦስት ጥያቄ በተራ ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል። መጀመሪያ፣ ጥይት ከውስጡ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ መዝጊያው በኃይል ሲዘጋና ሰደፉ ቀስ ብሎ ሲመታ ጥርሱ ይይዛልን? ቀጥሎ፣ አቧራ ሲገባበት ባለቤቱ ሊፈታውና ሊጠርገው ይችላልን? የመሳቢያው ቅለት የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሕጉ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለባለ መሣሪያው ብቻ አይደለም። የአንድ ዕቃ ዋጋ ገዢው የከፈለው ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው ሲበላሽ ሌሎች የሚከፍሉትም ጭምር ነው። ለመግዣው አንድ ሰው ይበቃል፤ ለጥፋቱ ግን አገር ይዋጣል።