ስለ ሰርቨር ፕሮሰሰርና ስለ ሙቀት ማስወገጃው አለዋወጥ

የሽያጭ ደረሰኙ፥ የመጋዘን ሒሳቡና የደንበኞች የዱቤ መዝገብ በአንድ ሰርቨር በሚጠበቅበት የንግድ ቤት ሁሉ፥ መሣሪያው ሲዘገይ ሥራውም አብሮ ይዘገያል። ባለቤቱም አዲስ ሰርቨር ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ከመጠበቅ ይልቅ፥ የነበረውን ፕሮሰሰር በበለጠ ኃይለኛ ለመለወጥ ያስባል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሳይመረመር ቀርቶ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ፕሮሰሰር ከነማሸጊያው በመደርደሪያ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ፕሮሰሰሩ የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሶኬት ነው። ስማቸው የሚቀራረብ ሶኬቶች ግን አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ዜዮን ኢ5-2600 እና ተከታዩ ቪ2 የሚቀመጡት ኤልጂኤ 2011 በተባለው ሶኬት ላይ ሲሆን፥ በ2014 የወጣው ቪ3 እና በ2016 የወጣው ቪ4 የሚገቡት 2011-3 በተባለው ብቻ ነው። የነጥቦቹ ቁጥር አንድ መሆኑን አይቶ ያዘዘ አስመጪ ይከስራል። ቪ3 በነበረበት ሰርቨር ላይ ቪ4 ለማስገባት ሲታሰብም፥ አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነሣ ባዮስ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም መታደስ አለበት፤ አለዚያ መሣሪያው አይነሣም። ሁለት ፕሮሰሰር የሚይዝ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን ይገባቸዋል።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገሮች ያስፈሩታል። አንደኛው፥ ለሙከራ ብቻ የተሠራና ምስጢር መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተቀረጸበት ፕሮሰሰር ነው፤ ይህ ለሽያጭ የተፈቀደ አይደለም። ሁለተኛው የኤኤምዲ ሥሪት የሆነውን ኢፒክ የሚመለከት ነው። አንዳንድ የሰርቨር ሠሪዎች ለጥበቃ ሲሉ ፕሮሰሰሩን ከራሳቸው መሣሪያ ጋር ለዘለቄታው ስለሚያቆራኙት፥ ያው ፕሮሰሰር በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ አይሠራም። ስለዚህ ከየትኛው ሰርቨር እንደ ወጣ ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

በብዛት የሚዘነጋው የሙቀት ማስወገጃው ነው። ዜዮን ኢ5-2620 ቪ4 የ85 ዋት ሙቀት ሲኖረው፥ ኢ5-2699 ቪ4 ግን 145 ዋት ይደርሳል፤ ለፊተኛው የበቃው ብረት ለኋለኛው አይበቃም። የብሎኖቹ አቀማመጥም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ 80 በ80፥ ሌላው 56 በ94 ሚሊሜትር ነው። ቁመቱም ይለካ፤ ባለ አንድ ዩኒት ሰርቨር ከነሣጥኑ 44 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ለባለ ሁለት ዩኒት የተሠራው አይገባበትም። በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየርም ሙቀትን አሳንሶ ይወስዳል። በባሕር ወለል ላይ እስከ 35 ዲግሪ የሚፈቅዱና በየ305 ሜትሩ አንድ ዲግሪ የሚቀንሱ ሠሪዎች አሉ፤ በዚህ ስሌት የሰርቨሩ ክፍል በአዲስ አበባ ከ27 ዲግሪ ያህል ማለፍ የለበትም ማለት ነው።

ለጉምሩክ ሲባልም፥ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ ፕሮሰሰር በ8542.31፥ የኮምፒውተር መለዋወጫ ክፍሎች በ8473.30 ስለሚመደቡ፥ በደረሰኙ ላይ ለየብቻ ቢጻፉ ይሻላል።

ለመለወጥ ሲታሰብ መዝገቡ ሁሉ በሌላ ቦታ ይገለበጥ፤ ሥራውም ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይደረግ። ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በሙሉ ይነቀላሉ፤ ብዙዎቹ ሰርቨሮች ሁለት ገመድ እንዳላቸው አይዘንጋ። ሠራተኛው ከሰውነቱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ከሣጥኑ ብረት ጋር የተያያዘ የእጅ ማሰሪያ ያድርግ። የማስወገጃው ብሎኖች በካቻቪቴ በተራ፥ በጥቂት በጥቂቱ፥ በማዕዘን እየተሻገሩ ይፈታሉ። ቅባቱ ደርቆ ከያዘ ብረቱን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ ማወዛወዝ እንጂ ወደ ላይ መንጠቅ አይገባም።

ከዚያም የሶኬቱ ዘንጎች ተከፍተው አሮጌው ፕሮሰሰር በጠርዙ ተይዞ ይነሣል። በሶኬቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን እሾሆች በጣትም ሆነ በጨርቅ ሊነኩ አይገባም፤ አንዱ ብቻ ቢታጠፍ ከማስታወሻው ከፊሉ ሊጠፋ ወይም ማዘርቦርዱ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል፤ የማዘርቦርድ ዋጋም ከፕሮሰሰሩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። አዲሱ ፕሮሰሰር በማዕዘኑ ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር ገጥሞ፥ ሳይጫኑት በራሱ ክብደት ይቀመጣል።

የማስወገጃው አሮጌ ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ቃጫ በማይተው ጨርቅ ይጠረጋል። በፕሮሰሰሩ መካከል የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ቅባት ይደረጋል፤ ከፋብሪካው ቅባት ተቀብቶ የመጣ ብረት ከሆነ ግን አይጨመርበትም። ብሎኖቹ በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን ያጋድለዋል።

ሰርቨሩ ሲነሣ ባዮሱ የፕሮሰሰሩን ስምና የማስታወሻውን ልክ በሙሉ ማሳየቱ ይመርመር፤ ከዚያም ለአንድ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ተሰጥቶት ሙቀቱ ይታይ። አሮጌው ፕሮሰሰር በአዲሱ መያዣ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ ለአንድ ወር ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሱቁ በማግስቱ በእርሱ ይከፈታል።