አዲስ አበባና ጅዳ፡ ቅርብም ሩቅም የሆነ ጉዞ

ካዛንቺስ ውስጥ የምናስተምራቸውን ልጆች «ጅዳ ምን ያህል ይርቃል?» ብለን ብንጠይቃቸው መልሳቸው ሁለት ዓይነት ሆነ። ከፊሎቹ «ባሕር ማዶ ነው፤ በጣም ሩቅ ነው» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «በአውሮፕላን ወዲያው ይደረሳል» አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። እንዴት እንደሆነ ወላጆችና ወጣቶች አብረውን እንዲመለከቱት ወደድን።

ርቀቱና በረራው

ከቦሌ እስከ ጅዳ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካይሮ ከዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትበልጣለች። የመንገደኞች ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በዚህ ሒሳብ ጉዞው ከሁለት ሰዓት ያነሰ መሆን ነበረበት። ነገር ግን አውሮፕላኑ ሲነሳና ሊያርፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል ሁለት ሰዓትና ከዚያ ጥቂት በላይ ይፈጃል።

ካርታውን ብናይ ጅዳ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ተጓዡ ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። የዙህር ወቅትም በሁለቱ ከተሞች የሚገባው በሁለት ደቂቃ ገደማ ልዩነት ብቻ ነው። ሆኖም ተጓዡ ሙሳፊር ነው። መንገዱ ቢመችም ርቀቱ አልቀነሰምና ሶላቱን ማሳጠር ይፈቀድለታል።

ይህ መንገድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሰሓቦች ከመካ ወጥተው ቀይ ባሕርን በመርከብ ተሻግረው፣ ፍትሕ ፍለጋ ወደ ነጃሺ አገር መጥተዋል። ዛሬ ደግሞ የእኛ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ይሻገራሉ።

ሌላው መንገድ

ቪዛና ሕጋዊ የሥራ ውል ለሌለው ወጣት ግን የሁለት ሰዓቱ በረራ የለም። ደላላ የሚመራው መንገድ በጅቡቲ በረሃ አልፎ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በተጨናነቀ ጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ጦርነት ባለበት አገር አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ድንበር ይወስዳል። ይህ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ተሳፋሪዎችን የጫነች ጀልባ በየመን አብየን ዳርቻ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። የደረሰም ቢሆን ያለ ፈቃድ የሚኖር ነውና ስጋቱ አይለቀውም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

ወላጆች ሆይ! ደላላው ቤታችሁ መጥቶ «ጅዳ ቅርብ ነው» ሲላችሁ፣ «በየትኛው መንገድ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቪዛውንና ውሉን በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል የሚያውቅ ሰው ያስነብብ። ውሉን ማሳየት ካልቻለ ገንዘብ አትስጡት። ወጣቶችም ሆይ! ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ማለት ዓይንን ጨፍኖ ባሕር መግባት አይደለም። ተወኩል ግመልን ካሰሩ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ የሚከፈተው በሕጋዊ ወረቀት ነው፤ ያን ወረቀት ለማግኘት ዓመት መጠበቅ ቢያስፈልግ እንኳ ከኦቦክ ጀልባ ይልቅ ያ ዓመት ያጥራል።